ሁለት ሜትር ከአሥር

ወንዙ የውሃ መቆጣጠሪያ ጣቢያውን የታችኛዎቹን ደረጃዎች ውጦ፣ ግንድና ቅጠል ተሸክሞ፣ ቀይ ሆኖ ይጋልባል። ስክሪኑ ግን «ሁለት ሜትር ከአሥር» ይላል።

መርማሪዋ አንዴ በመስኮቱ፣ አንዴ ወደ ስክሪኑ አየች። ስክሪኑ ላይ ያለው ወንዝ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሆኖ ተጋድሟል፤ አይነቃነቅም። ውጭ ያለው ደግሞ መስታወቱን ያንቀጠቅጣል። ሦስት ሰዓት ሙሉ በጉም ውስጥ ስትጓዝ ስለቆየች፣ የትኛው እውን የትኛው ሕልም እንደሆነ ለመለየት ዓይኗን ማሸት አስፈለጋት።

«እሳቸውን የገደላቸው ይሄ ነው» አለ የጣቢያው ኃላፊ፣ ስክሪኑን በእርሳስ እየጠቆመ። «ሰው ነካክቶታል። ካልተነካ እንዲህ አይዋሽም።»

የሞቱት ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃውን በሮች ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ደቂቃ አያሳልፉም ነበርና ሁሉም «ጋሽ ሰዓቱ» ይላቸዋል። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በብረት መሰላል ወደ ቦዩ ይወርዱና ውሃው በሚያልፍበት የብረት ፍርግርግ ላይ የተሰበሰበውን ቅርንጫፍ ያነሳሉ። ከመውረዳቸው በፊት ስክሪኑን ያያሉ። ከጣቢያው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ፣ ወንዙ ዳር የተተከለው መለኪያ ከሦስት ሜትር በታች ካለ ይወርዳሉ። ከበለጠ አይወርዱም። የዚያን ቀንም አይተዋል። መዝገቡ ላይ በተስተካከለ ጽሑፋቸው «2.10» ብለው ጽፈው፣ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ወረዱ። ደራሽ ውሃው መሰላሉ ሥር ደረሰባቸው። ሁለት ሰዓት ላይ ፍርግርጉ ላይ አገኟቸው።

«ማን ማን ነው ቁልፍ ያለው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ፣ ሟቹና መካኒኩ።» ኃላፊው አዛጋና አፉን በእጁ ሸፈነ። «የኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ደግሞ... ያው፣ ከኪቦርዱ ሥር ተለጥፏል።»

«ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መስቀል ማለት ነው።»

የኃላፊው ጆሮ ግንድ ቀላ። «መካኒኩን ይጠይቁት። ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት ‹ውሃ ይውሰድህ› ብሏቸዋል።»

*

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ ሽበታምና ዝግተኛ ነው። ብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣ።

«ኮምፒውተር ስም አያውቅም» አላት። «የሚያውቀው ቁጥር ነው። ይሄ ፕሮግራም ‹ላይኛው› ብሎ ይጣራል፤ ላይኛው መለኪያው ነው። ኮምፒውተሩ ስሙን ሲሰማ ቁጥሩን ይፈልጋል። የሁሉንም ስምና ቁጥር የሚይዝ የስም ሰርቨር አለ። ግን እሱን ከመጠየቁ በፊት የራሱን ትንሽ ፋይል ያያል። ሆስትስ ይሉታል። እዚያ ተጽፎ ካገኘ ሌላ ማንንም አይጠይቅም።»

«ከአገሩ መዝገብ ይልቅ የኪሱን ማስታወሻ ያምናል በለኛ።»

«እንደሱ በይው።» ፋይሉን ከፈተው። «ይኸው። አንድ ሰው ‹ላይኛው› ብሎ ከጎኑ የሌላ ማሽን ቁጥር ጽፏል። የልምምድ ኮምፒውተር ነው፤ ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። ለአዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ የአምናውን የበጋ ወንዝ ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ ያሳያል።»

መርማሪዋ ወደ ሰማያዊው መስመር አየች። ጋሽ ሰዓቱ የወረዱት ወደ አምና ወንዝ ነበር ማለት ነው።

«ነገር ግን» አለ ባለሙያው፣ «መስመሩ ፊት ሃሽ የሚሉት # ምልክት አለበት። ሃሽ ያለበትን መስመር ኮምፒውተሩ እንዳልተጻፈ ቆጥሮ ያልፈዋል። ስለዚህ ፋይሉ አሁን ንጹሕ ነው። ስሙን ስጠራው...» ጻፈ። «እውነተኛው መለኪያ መለሰልኝ። አምስት ሜትር ከሰባ።»

«ስክሪኑስ ለምን ሁለት ከአሥር ይላል?»

ባለሙያው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እሱን ነው ያልገባኝ። ጊዜ ስጪኝ።»

*

መካኒኩን ግራ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ አገኘችው። ዓይኖቹ ከልቅሶ ይሁን ከሕመሙ ደም መስለዋል።

«ብያለሁ እህቴ» አላት። «‹ውሃ ይውሰድህ› ብያለሁ፤ አልክድም። ትናንት ከተማ ሄጄ ጥርሴን አስነቀልኩ። ምነው ምላሴን በነቀሉልኝ ኖሮ!»

«የት አደርክ?»

«እህቴ ዘንድ። ጠዋት ክሊኒክ ተመልሼ ጥጥ ቀየሩልኝ።» ከኪሱ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። ቀኑ፣ ሰዓቱና ማኅተሙ ልክ ነበር።

«ምን አጣላችሁ?»

«ደወሉ ነዋ!» ክንዱን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። ግድግዳው ጫፍ ላይ ቀይ ደወል ተሰቅሏል። «መለኪያው ውስጥ ጤዛ እየገባ ሌሊት ሌሊት ያብዳል። ወንዙ እግር አያርስም፤ እሱ አምስት ሜትር ይላል። ደወሉ ይጮሃል። ጋሽ ሰዓቱ ፋኖስ ይዘው ይወጣሉ፣ ዳር ድረስ ሄደው ያያሉ፣ ምንም የለም፣ ይመለሳሉ። ሳይሞቃቸው ደግሞ ይጮሃል። በሌሊት አራቴ፣ አምስቴ። ቀን ፀሐይ ሲመታው ደህና ነው። አርባ ሌሊት እንዲህ ሆነናል። ‹ሽቦውን ልቁረጠውና እንተኛ› አልኳቸው። ‹ደወል ከምትቆርጥ እጄን ቁረጥ› አሉኝ። በዚህ ነው አፌ ያመለጠኝ።»

መርማሪዋ ግቢውን አሰበችው። ስትገባ ዘበኛው በሩን ተደግፎ ቆሞ እያንቀላፋ ነበር። ኃላፊው በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ ያዛጋል። ውሻው እንኳ ሲጮህባት ዓይኑን አልገለጠም። የጣቢያው ሰው ሁሉ በጉም ውስጥ እንደሚዋኝ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

«ትናንት ሌሊት ደወሉ ጮኸ?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው።

ዘበኛው ለረጅም ጊዜ አሰበ። «አልጮኸም» አለ በመጨረሻ፣ ራሱ ተገርሞ። «እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት።»

ደወሉም ልክ እንደ ስክሪኑ የሚታዘዘው ለዚያው ፕሮግራም ነው። ወንዙ የአምና ወንዝ ሲሆን ደወሉም አብሮ ተኛ። መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ «እንቅልፍ የፈለገ ማን ነው?» ብላ ጻፈች። ቀጥላም «ሁሉም» ብላ ጻፈችና አሰመረችበት።

*

የሟቹ መኖሪያ ቤት ከጣቢያው መቶ እርምጃ ይርቃል። ባለቤታቸው በሩ ሥር ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤቶች ከውስጥ ይንሾካሾካሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ማለዳ በአውቶቡስ ሄዳ፣ መርዶ ደርሷት ተመልሳለች። አሁን ጓዳ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«እግዜር ያጽናዎት እናቴ» አለች መርማሪዋ።

«ከናንተው ጋር ያጽናን ልጄ።»

«ጋሽ ሰዓቱ ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላት ለማፍራት ጊዜ የት አላቸው? የደወል ባሪያ ነበሩ።» ሴትየዋ መሐረባቸውን አጣጠፉ፣ ደግሞ ዘረጉ። «ቁመታቸው ሳያጥር አነሱብኝ። እህል አፋቸው ውስጥ ይዘው ያንቀላፉ ነበር። ‹አለቃዎን ይንገሩት› ስላቸው ‹ጽፌያለሁ› ይላሉ። ሰባት ጊዜ ጽፈዋል።»

«ለማን?»

«ለሱው ነዋ፣ ለኃላፊው።»

*

ደብዳቤዎቹ በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ሰባቱም በዚያው የተስተካከለ ጽሑፍ የተጻፉ ናቸው። «የላይኛው መለኪያ በሌሊት የተሳሳተ ቁጥር ስለሚሰጥ እንዲጠገን በትሕትና አመለክታለሁ።» በመጨረሻው ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «እኔ ብደክም ወንዙ አይደክምምና ይታሰብበት።»

«ሰምቼ ዝም ያልኩ እንዳይመስልዎ» አለ ኃላፊው። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። «ከበላይ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ጉብኝት አለብን። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ብጽፍ ጣቢያው ተበላሽቷል ነው የሚሉት። ‹እስከ ጉብኝቱ ቻሉት› አልኳቸው።»

«ቻሉት። ጉብኝቱ መቼ ነው?»

«ተራዝሟል።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ያለቀው። ሃያ ሰው አይቶኛል። ዛሬ ጠዋት ከሹፌሬ ጋር ነው የመጣሁት።»

ስልክ ተደወለ፣ ተጣራ፤ ሃያውም ሰው አይቶታል። መርማሪዋ ከቢሮው ስትወጣ ተናደደች። ይሄን ሰው ጥፋተኛ ልታደርገው የምትወድ ነበረች። ግን ያን ኪቦርድ የነኩት የእሱ ጣቶች አልነበሩም።

«ለነገሩ» አለ ኃላፊው ከኋላዋ፣ «ደወሉ ቢጮህስ ኖሮ? ጋሽ ሰዓቱ ‹ደግሞ ጀመረው› ብለው ዝም አይሉም ነበር?»

መርማሪዋ ዞረች። «አርባ ሌሊት አንድም ቀን ዝም ብለው አያውቁም» አለችው።

*

በማግስቱ ባለሙያው ጠራት። ዓይኑ አብጧል፤ ፊቱ ግን በርቷል።

«ገባኝ» አላት። «ፕሮግራሙ ስሙን የሚጠይቀው ሲከፈት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያገኘውን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ፋይሉን መቶ ጊዜ ብታስተካክዪ፣ እሱን ዘግተሽ ካልከፈትሽው የድሮውን ሙጭጭ ይላል። ኮምፒውተሩ በየምሽቱ ሦስት ሰዓት ራሱ ጠፍቶ ራሱ ይነሳል። ጋሽ ሰዓቱ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ምሽት ሲነሳ የተሳሳተው መስመር ፋይሉ ላይ ነበር። ከዚያ እስከ ማግስቱ ምሽት ፕሮግራሙ አልተዘጋም።»

«ስለዚህ አንድ ሰው ከሦስት ሰዓት በፊት ጻፈው። ጋሽ ሰዓቱ ሲሞቱ ደግሞ ዱካውን ለማጥፋት ሃሹን አስገባ።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።» ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠበትን ሰዓት እይው።»

መርማሪዋ አየችው። አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ። ጋሽ ሰዓቱ መሰላሉን ከመርገጣቸው ሃምሳ ደቂቃ በፊት።

ውሃው ዛሬ ጎድሏል፤ ድምፁም ወደ ሹክሹክታ ወርዷል።

«ጉድጓድ የቆፈረ ጠላት» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰውየው ሳይወድቅበት ተመልሶ አይደፍነውም።»

«አይደፍነውም።»

«የደፈነው ሰው እንዲወድቁ አልፈለገም። የደፈነ መስሎት ነው የሄደው።» ወንበር ላይ ተቀመጠች። «መስመሩን ግን ለምን አልሰረዘውም? ሃሽ ማድረግ ለምን አስፈለገው?»

«ጥንቁቅ ሰው አይሰርዝም። ጀማሪዎችን የምናስተምራቸውም እንደሱ ነው።»

መርማሪዋ ቀና አለች። «የምናስተምራቸው» አለች ድምፅ ሳታሰማ። ለሁለት ቀን ስለዚያች አስተማሪ ልጅ ስትሰማ፣ ምን እንደምታስተምር አንድም ጊዜ አልጠየቀችም ነበር።

*

ልጅቷ ሳሎኑ ውስጥ፣ ያልታረሙ የተማሪ ደብተሮች ክምር ፊት ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። መርማሪዋ ከላይ ያለውን ደብተር አንስታ ከፈተችው። በቀይ እስክሪብቶ «አትሰርዝ፤ ከፊቱ ሃሽ አድርግ። ነገ ትፈልገው ይሆናል» ተብሏል።

«ኮምፒውተር ነው የምታስተምሪው?»

«አዎ።»

«አባትሽ ቁልፋቸውን የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

የልጅቷ ዓይን ሳታዘው ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ቁልፉ ተሰቅሏል።

«ልጄ» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልወነጅልሽ ሳይሆን ልሰማሽ ነው የመጣሁት። ንገሪኝ።»

ቃሉ ሲመጣ ከሩቅ ቦታ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ለአንድ ሌሊት ብዬ ነው። አባዬ ቆሞ ነበር የሚያንቀላፋው። ባለፈው ማክሰኞ መሰላሉ ላይ እንቅልፍ ወስዶት እጁ ሲላቀቅ አየሁት። ለጥቂት ነው የተረፈው። ሲታጠብ ጠብቄ ቁልፉን ወሰድኩ። ፋይሉ ላይ ጻፍኩ፤ የልምምዱን ኮምፒውተር ለማስነሳት ዕቃ ቤት ሄጄ ስመለስ ስክሪኑ ተቀይሮ አገኘሁት። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብዬ ገረመኝ።»

«ደወሉ ሲጠፋ ወንዙስ ቢመጣ?»

«እኔ ጠበቅኩታ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ፋኖስ ይዤ ዳሩ ላይ አደርኩ። በየሰዓቱ ዳሩ ላይ በተተከለው የመለኪያ እንጨት ላይ ያለውን ምልክት አየሁ። ከሁለት ሜትር ከአሥራ አምስት አላለፈም። ሊነጋጋ ሲል ገብቼ መስመሩን ሃሽ አደረግሁ። ስሙን ጠርቼ ፈተሽኩት፤ እውነተኛው መለኪያ መለሰልኝ። ስክሪኑም ሁለት ከአሥር ይላል፣ ወንዙም ያው ነው። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ሄድኩ። አስተካክዬ ነው የሄድኩት፣ እማምላክን! መለኪያው ነው የከዳው። መለኪያው ነው፣ አይደል?»

መርማሪዋ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ብዙ ሰው ጥፋቱን አምኖላታል። ላመነው ሰው እውነቱን መንገር የእሷ ፈንታ ሲሆን ግን ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ውሸት ብትነግራት ልጅቷ ተኝታ ልታድር ትችላለች። ግን ኮምፒውተር የምታስተምር ልጅ ናት፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ራሷ ትደርስበታለች፤ ያኔ ብቻዋን ትሆናለች።

«መለኪያው አይደለም» አለቻት። «ፕሮግራሙ ስሙን ዳግመኛ አይጠይቅም። ዕቃ ቤት ሳለሽ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ጠፍቶ ተነሳ። ለዚህ ነው የተቀየረው። ጠዋት ግን ዘግቶ የከፈተው ሰው አልነበረም።»

የልጅቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «መዝጋት... መዝጋት ብቻ?»

«ዘግቶ መክፈት።»

እጆቿ ደብተሮቹ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች፤ ጫማዋን ስታጠልቅ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ሞክራ ማሰር ሳትችል ቀረች። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አሰረችላት።

*

ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ባለሙያው መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል። ኃላፊው ከቢሮው ደጃፍ ሆኖ ያያል፤ ሰባቱ ደብዳቤዎች በመርማሪዋ ቦርሳ ውስጥ እንዳሉና ከነገ ወዲያ በእነሱ ጉዳይ እንደሚጠራ ያውቃል። ሰላምታ አልሰጠም።

ልጅቷ ገብታ ከመቀመጧ የቤቱ በር ተከፈተ። እናትየዋ ጥቁር ሻላቸውን ደርበው፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዘው እየመጡ ነው። አረማመዳቸው የታመመ ሰው አልነበረም። የመኪናውን በር ራሳቸው ከፈቱ።

«የት ነው እናቴ?» አለች መርማሪዋ።

«ከልጄ ጋር።»

«እማዬ፣ ተይ ግቢ።»

«አልገባም።» ተቀመጡ፤ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እሷ አትነግርሽም፤ ቁርጥ አባቷን ናት። የለመንኳት እኔ ነኝ። ‹እባክሽ አባትሽን ለአንዲት ሌሊት ብቻ አስተኚልኝ› ብዬ ጉልበቷ ላይ ወድቄ ነው የለመንኳት። እምቢ ብላኝ ነበር። ሦስት ቀን እምቢ አለችኝ።»

«እማዬ ዝም በይ!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብያለሁ። ደወሉም ሲጮህ ዝም፣ አለቃቸውም ‹ቻሉት› ሲል ዝም። እንግዲህ ይበቃኛል።» የልጃቸውን እጅ ያዙ። «ያን ሌሊት አባቷ ተኝተው ነበር። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አንዴ እንኳ ሳይገላበጡ። ጠዋት ሲነሱ ፊታቸው... የሠርጋችንን ማግስት ነበር የመሰሉኝ። ይሄንንም ጻፊው።»

ልጅቷ ጭንቅላቷን ቀስ ብላ እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ መጀመሪያ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

መርማሪዋ ባለሙያውን ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጇ አመለከተችው። ከፊት ወንበሩ ወደ ኋላ ዞረች። ተጽፎ ያለቀውን የልጅቷን ቃል አጣጥፋ ከቦርሳዋ አዲስ ወረቀት አወጣች።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እናቴ» አለች።

ሴትየዋም ደወሉ መጀመሪያ በከንቱ ከጮኸበት ሌሊት ጀመሩ።